አረንጓዴው ድንጋይ ሸወደኝ

የከተማውን ፍሳሽ ወደ ባሕር ከሚለቀው ቱቦ አፍ ሥር ያሉትን ድንጋዮች መጀመሪያ ሳያቸው ደስ ብሎኝ ነበር። የሰላጣ ቅጠል የመሰለ አልጌ እንደ ምንጣፍ አልብሷቸዋል። «እዚህስ ሕይወት ሞልቷል» ብዬ ፎቶ ሁሉ አንስቻለሁ። ፎቶው እስካሁን ስልኬ ላይ አለ፤ ሳየው አፍራለሁ።

ባሕሩ ሲሸሽ ድንጋይ መገልበጥ እወዳለሁ። (የሚያየኝ ሰው ቁልፍ የጠፋብኝ ይመስለዋል።) ከቱቦው ርቄ አንዱን ስገለብጥ ከሥሩ ያለው ሁሉ ይተራመሳል። ጥፍር የምታክል ሸርጣን ወደ ጎን ትሮጣለች፤ ሩዝ የሚያካክሉ ጎባጣ ፍጥረቶች እየዘለሉ ይበተናሉ። ቱቦው ሥር ያለውን ስገለብጥ ግን ጭጭ ነው። ጭቃው ጥቁር ነው፣ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። በማንኪያ ዛቅ አድርጌ ሳየው እንደ ክር የቀጠኑ ቀያይ ትሎች ይርመሰመሱበታል። ካፒቴላ ከሚባሉት ወገን ይመስሉኛል። እነዚህ ሌላው ሲያልቅ ቦታውን የሚወርሱ ናቸው። ብዛት ብቻ ብቆጥር ኖሮ ቱቦው ሥር ያለው ጭቃ ያሸንፍ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሳሹ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ይዞ ይመጣል፤ ለአልጌው ማዳበሪያ በሉት። አልጌው ይፋፋል፣ ከዚያ ይሞታል። ባክቴሪያዎች ሲያበሰብሱት ውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። በሊትር ከ2 ሚሊግራም በታች ሲወርድ ብዙው ፍጥረት ይታፈናል። ዓሣ እንኳ ዋኝቶ ያመልጥ ይሆናል። ድንጋይ ላይ የተጣበቀው የት ይሂድ?

ባለ ሁለት ክዳን ዛጎሎቹ ደግሞ ውሃ እያጣሩ ነው የሚበሉት። ፍሳሹ ውስጥ ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣው ኖሮቫይረስ ካለ ገላቸው ውስጥ ይጠራቀማል። ጥሬያቸውን የበላ ሰው፣ ከሽንት ቤት የሸኘነውን መልሶ ጎረሰው ማለት ነው።

በብዙ ከተሞች የዝናብ ውሃውና የቤት ፍሳሹ በአንድ ቱቦ ነው የሚሄዱት። ዶፍ ሲጥል ማጣሪያው አይችለውም፤ የተረፈው እንዳለ ወደ ባሕር ይለቀቃል። ባለፈው በዝናብ ማግስት ሄጄ አንዲት ቀንድ አውጣ የእርጥብ ሶፍት ቁራጭ ላይ ተለጥፋ አገኘኋት። ሶፍት ይባል እንጂ ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክ አለበት፤ ቶሎ አይበሰብስም። ስስበው እሷም አብራ መጣች። ቀስ ብዬ አላቅቄ ራቅ ያለ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳት። ሶፍቱን የምጥልበት ስላጣሁ በፌስታል ጠቅልዬ ይዤው ተመለስኩ።