የስታር ሰሞን

ከትናንት ጀምሮ ሆዴ ባር ባር ይለኛል። ምክንያቱን አትጠይቁኝ። ዝናቡ ይሆናል። የቴክሳስ የሚያዝያ ዝናብ እንደኛ ክረምት አጉረምርሞ አይመጣም፤ በረዶውን ይዞ ከች ይልና የመኪናችሁን ጣራ አጎድጉዶ ይሄዳል። ስልኬ የማስጠንቀቂያ ጩኸቱን ሲለቀው ከወንበሬ ዘለልኩ። ባለቤቴ ሌሊት ሺፍት ነው። ትንሹ ተኝቷል። ትልቋ ተኝቻለሁ ብላለች፤ በበሯ ሥር ግን ብርሃን ይታየኛል።

ሻይ አፍልቼ ስለ ዝናብ ልጽፍ ነበር። የእናቴ ቤት፣ ቆርቆሮው፣ የለመዳችሁት የኔ ነገር። ከዚያ ማቀዝቀዣው ላይ የለጠፍኩት ወረቀት ዓይኔ ውስጥ ገባ።

ከትምህርት ቤት የተላከ ነው። ነገ ስታር አለ ይላል። ልጅዎ በጊዜ ይተኛ። ቁርሱን በልቶ ይምጣ። ስማርት ሰዓት አያድርግ። ከታች በኩል ፈገግ ያለ ኮከብ ተስሏል። እኛ ማትሪክ ስንፈተን በር ላይ ፖሊስ ነበር የሚቆምብን። እዚህ ኮከብ ይስቅልሃል።

ሌላ ስቴት ላላችሁ፣ ስታር የቴክሳስ የስቴት ፈተና ነው። ከሦስተኛ ክፍል ይጀምራል። ትንሹ ዘንድሮ ሦስተኛ ክፍል ነው፣ የመጀመሪያው ነው። እራት ላይ ሽሮውን ትቶ በጥያቄ ያዘኝ።

"ቲቸሬ ናት ያወጣችው?"

"አይደለችም።"

"ፕሪንሲፓሉ?"

"እሱም አይደለም።"

"ታዲያ ማነው?"

"መንግሥት ነው። ብላ አሁን።"

መንግሥት ማለቴ ውሸት አይደለም። ግን ግማሹ ነው። ሽሮ ፊት ለቀረበለት የሦስተኛ ክፍል ልጅ ስለ ኮንትራትና ስለ ሎቢስት፣ ተከፍሎት ሕግ አውጪዎችን ስለሚያግባባ ሰው፣ ከየት ተጀምሮ ይነገራል? ለናንተ ልንገራችሁ እንጂ። ዝናቡ ይቆየን።

በፈረንጆቹ 2010 ቴክሳስ ይህን ፈተና እንዲያዘጋጅላት ለፒርሰን የአምስት ዓመት ኮንትራት ሰጠች። ፒርሰን ዋና መሥሪያ ቤቱ ለንደን ያለ ኩባንያ ነው። ገንዘቡ 468 ሚሊዮን ዶላር። በዓመቱ፣ በ2011፣ የስቴቱ ምክር ቤት በጀት ጎደለን አለና ከትምህርት ቤቶች ወደ 5.4 ቢሊዮን ዶላር ቆረጠ። ያኔ ረዳት አስተማሪ የነበረችው የኛ ሰው፣ የምታውቋት፣ ከሥራ የወጣችው በዚያ ቆረጣ ነው። ክፍሎች ተጨናነቁ። የፈተናው ኮንትራት ግን ንክች አልተደረገም። እንዲያውም በዚያው ሰሞን የሃይስኩል ተማሪ ለመመረቅ የሚቀመጥበት የስቴት ፈተና 15 ደረሰ። አሥራ አምስት! የእያንዳንዱ ውጤት ደግሞ ከትምህርቱ ማርክ 15 በመቶውን እንዲይዝ ተባለ።

እዚህ ላይ ሳንዲ ክሬስ የሚባል ሰው አለ። የዳላስ ጠበቃ ነበር፣ የጎረቤታችን ሰው። በ1990ዎቹ የዳላስን የትምህርት ቦርድ መርቷል። ቀጥሎ ፕሬዚዳንት የነበረውን ጆርጅ ደብሊው ቡሽን አማከረ። በ2002 የተፈረመውን "ኖ ቻይልድ ሌፍት ቢሃይንድ" (ማንም ልጅ ወደኋላ አይቅር) የሚባለውን የአገሪቱን የትምህርት ሕግ ከነደፉት ሰዎች አንዱ ነው። ከሦስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያለ የአሜሪካ ልጅ ሁሉ በየዓመቱ በሒሳብና በንባብ ይፈተን ያለው ያ ሕግ ነው። ከዚያ በኋላ ለፒርሰን ሎቢስት ሆነ። ሎቢስት ሆኖም ቴክሳስ ትምህርት ቤቶቿን እንዴት ትመዝን በሚለው ጉዳይ በሚያማክሩ ኮሚቴዎች ውስጥ ወንበር ነበረው።

ጉቦ የለም። በጨለማ የተሰጠ ፖስታ የለም። እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ሚዛን የሚያከራየው ሰውዬ፣ እህሉ በቀን ስንት ጊዜ ይመዘን የሚለው ስብሰባ ላይ ተጋብዞ ተቀመጠ። ስብሰባው ላይ ደግሞ ስለ ሚዛን ከሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ታዲያ ማን ይከራከረው?

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን ግን አንድ ነገር ልበል። ሰውየው በፈተና የሚያምን ይመስለኛል፣ ከልቡ። የነክሬስ ክርክር፣ ፈተና ከሌለ የድሃ ልጅ፣ የጥቁር ልጅ፣ እንግሊዝኛ የማይችል ልጅ ሲወድቅ ማንም አያይም ነው። ይሄ የሞኝ ክርክር አይደለም። ትልቋ ስንመጣ እንግሊዝኛ አልነበራትም። እንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆች ውጤት ለብቻ ባይቆጠር ኖሮ ትምህርት ቤቱ ትዝ የምትለው አይመስለኝም። አስተማሪ ጨምረውላት፣ ከክፍል እያወጡ ለብቻ ያስነበቧት ያ ቁጥር አስፈርቷቸው ነው። ስለዚህ እኔ ሙልጭ አድርጌ ልሳደብ አልችልም። በዚህ ፈተና የተጠቀምኩ ሰው ነኝ።

ደግሞ ያደግንበትን አንርሳ። እኛ ቤት ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ምን ተማርክ አይባልም፣ ስንት አመጣህ ነው። አገር ቤት፣ በኛ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም.፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው የተባለ ጊዜ የቤተሰብ ግሩፓችን ለቅሶ ቤት ሆኖ ነበር። ያኔ ማናችንም ፈተናውን ማን አወጣው፣ ማን አተመው፣ ማን ተከፈለበት አላልንም። ልጆቹ አያጠኑም፣ ስልክ ገደላቸው፣ ኩረጃ ስለቀረ ነው ተባባልን። አለቀ።

የቴክሳስ እናቶች ግን ጠየቁ። የልጆቻቸው ማርክ ውስጥ ሊገባ ያ 15 በመቶ ሲመጣ ነው ብድግ ያሉት። ማኅበር አቋቋሙ። ሰዉ የሰከረ ሾፌርን ከሚቃወሙት እናቶች ስም ወስዶ "በሰከረ ፈተና ላይ የተነሱ እናቶች" እያለ ይቀልድባቸው ነበር። መቀለድ አይደል፣ ስሙ ሠራላቸው። የስቴቱ ዋና ከተማ አውስቲን ሄደው ምክር ቤቱ ኮሪደር ላይ ተሰለፉ። የሚከፈለው ሎቢስት የሚያደርገውን ሁሉ በነጻ አደረጉ። በ2012 የስቴቱ የትምህርት ኮሚሽነር ራሱ፣ ሮበርት ስኮት፣ ፈተናው ከታሰበለት ዓላማ ጠሟል ብሎ አረፈው። ከ800 በላይ የትምህርት ቦርዶች የተቃውሞ ውሳኔ አሳለፉ። በ2013 ምክር ቤቱ 15ቱን ወደ 5 አወረደው።

እዚያው ሕግ ውስጥ የምወዳት አንቀጽ አለች። የፈተና ኩባንያ የቀጠረው ሰው ስለ ፈተናና ስለ ተጠያቂነት በሚያማክር ኮሚቴ ውስጥ አይሾምም ትላለች። እንዲህ ብሎ መጻፍ ካስፈለገ እስከዚያ ድረስ ምን ሲደረግ እንደነበር አስቡት።

ከዚያ ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ ብጨርስላችሁ ደስ ባለኝ። በ2015 የኮንትራቱ ትልቁ ክፍል ከፒርሰን ወጥቶ ኢቲኤስ ለሚባል ሌላ የፈተና ድርጅት ተሰጠ። በዓመቱ ኮምፒዩተሩ ተበላሽቶ ከ14 ሺህ በላይ ፈተናዎች ላይ የልጆች መልስ ጠፋ። በኋላ ደግሞ ሥራው ካምቢየም ለሚባል ሦስተኛ ድርጅት ሲሰጥ ፒርሰንም አብሮ ተመልሶ መጣ። አሁን ድርሰቱን በአብዛኛው የሚያርመው ኮምፒዩተር ነው። ትልቋ "ታዲያ ለማን ብዬ ነው አሳምሬ የምጽፈው?" ብላኛለች። ልክ ናት። እኔም ለማን እንደምጽፍ እንጃ።

ይሄን ሁሉ እያሰብኩ ምን ሳደርግ አመሸሁ መሰላችሁ? የሎቢስቶችን ዝርዝር ሳገላብጥ። ቴክሳስ ውስጥ ሎቢስት ይመዘገባል። የስቴቱ የሥነ ምግባር ኮሚሽን ዝርዝሩን ኢንተርኔት ላይ አውጥቶታል። ማን፣ ለማን፣ ከስንት እስከ ስንት እንደሚከፈለው ሁሉ ተጽፏል። አገር ቤት ማን የማንን ደጅ እንደሚጠና በወሬ ነው የሚታወቀው፤ ቢያንስ በሐሜቱ እንጽናናለን። እዚህ ሐሜቱንም ነጠቁን፤ ሁሉ ነገር በፊደል ተራ ተደርድሯል። ሲደብቁን እንቆጣለን። ሳይደብቁን ምን እንበል?

ዘንድሮ ደግሞ ወሬው ሁሉ የቫውቸር ነው። ከቅዳሴ በኋላ እንጀራውን እየቆረስን "ፎርሙን ሞላሽ?" ነው። ምክር ቤቱ በ2025 አንድ ቢሊዮን ዶላር መደበበት፤ ልጅህን ለግል ትምህርት ቤት ወደ 10 ሺህ ዶላር ገደማ ያግዝሃል። ከመጽደቁ በፊት፣ በ2023 ማለቂያ ላይ፣ ለአገረ ገዢው አቦት የምርጫ ዘመቻ 6 ሚሊዮን ዶላር ከአንድ ሰው ገብቷል። ጄፍ ያስ ይባላል። ቴክሳስ አይኖርም፣ የፔንስልቬኒያ ሰው ነው። ትልቋ ሌሊት ሌሊት የምታፈጥበት የቲክቶክ እናት ኩባንያ ውስጥም ድርሻ አለው። በበሯ ሥር የሚታየኝ ብርሃን ሳይቀር የሱ ነው ማለት ነው። አቦት ቀጥሎ ቫውቸሩን የተቃወሙትን የገዛ ፓርቲውን ሰዎች በ2024 ምርጫ ዘመተባቸው፤ ብዙዎቹ ወንበራቸውን አጡ። አንድ እናት ሲያቅታት አንድ ቼክ እንዴት እንደሚሠራ ያየሁት ያኔ ነው።

ፎርሙን ልሙላ አልሙላ? እትዬ "ገንዘብ እንዴት ይገፋል፣ ልጄ?" ይሉኛል። ባለቤቴ ደግሞ "ሁላችንም ብንወጣ የቀረው ትምህርት ቤት ማን ሊሆን ነው?" ይላል። እሱ እንዲህ የሚለው ፎርም መሙላት ስለማይወድ ይሁን ስለሚያምንበት እስካሁን አልለየሁም።

ስታርም ሊቀር ነው። ከ2027–28 የትምህርት ዘመን ጀምሮ በዓመት ሦስት አጫጭር ፈተናዎች ይተኩታል፤ መጀመሪያ ላይ፣ መሃል ላይ፣ መጨረሻ ላይ። አንዱን ረጅም ጠልተን ሦስት አጭር አገኘን። ይሄ ሕግ ሲወጣ ጓደኛዬ፣ ያቺ ደፋሯ፣ "ነይ አውስቲን እንሂድ፣ እንናገር" ብላኝ ነበር። ከኛ ሰፈር መንገዱ ከሦስት ሰዓት በላይ ነው። ደርሰህ ስምህን ታስመዘግባለህ። ተራህ እስኪደርስ ቀኑን ሙሉ ትቀመጣለህ፣ አንዳንዴ እስከ እኩለ ሌሊት። ከዚያ የሚሰጥህ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው። የኔን ስም ፊደል በፊደል ስነግራቸው አንዷ ደቂቃ ታልቃለች። የአባቴን ስም ከጨመርኩ ሰላም ብያቸው ነው የምወርደው።

ስትመዘገብ ደግሞ ይጠይቁሃል። ደጋፊ ነህ? ተቃዋሚ ነህ? ወይስ ሳትደግፍም ሳትቃወምም "በጉዳዩ ላይ" ብቻ ልትናገር ነው? ሦስት ምርጫ። ትልቋን ያስነበበልኝን ፈተና ልቃወም? ትንሹን ከሽሮው ያስነሳውን ልደግፍ? ጓደኛዬ ሳትነግረኝ ብትመዘግበኝ ኖሮ ሦስተኛውን እንደምትመርጥልኝ አውቃለሁ። ማትሪክ ላይ አጠገቧ ነበርኩ። ያልገባኝን ጥያቄ ሁሉ ሲ ነበር የማጠቁረው።