የኢያቄም ሸለቆና የአያቴ ጠገራ ብር

ያኺሞቭ ከምትባል ትንሽ የቼክ ከተማ የተመለስሁት ትናንት ማታ ነው። ዛሬ ሥራ ስለሌለኝ ያየሁት ሳይደበዝዝብኝ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥሁ፤ ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ቼክ ሪፐብሊክንና የጀርመኗን ሳክሶኒ የሚያዋስነው የተራራ ሰንሰለት 150 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ጀርመኖች «የማዕድን ተራሮች» ሲሉት ቼኮች ክሩሽኔ ሆሪ ይሉታል። ድንበር እየተሻገረ እዚህ ሳክሶኒ፣ ኬምኒትዝ ከተማ፣ እኛ ጋ የሚሠራ ቼክ ባልደረባዬ ግን፣ ቃሉ በዛሬው ቼክኛ ከባድና መራራ ማለት ስለሆነ፣ «የመከራ ተራሮች» ብሎ ተርጉሞልኛል። ትርጉሙን ስሰማ የቀልድ መስሎኝ ነበር።

የሄድሁት በሳክሶኒ በኩል ነው። በዚህ ወገን ተራራው ቀስ እያለ ስለሚነሣ፣ ባቡሩ አናበርግን አልፎ ክራንዛል እስኪደርስ ድረስ ዳገት ላይ መሆኔን እንኳ አላወቅሁም። ከዚያ በ1897 የተከፈተውና እስከ ዛሬ በእንፋሎት የሚሄደው ትንሹ ባቡር ኦበርቪዘንታል አደረሰኝ፤ ድንበሩን በእግሬ ተሻገርሁ። በቼክ በኩል መሬቱ በትልቅ ስንጥቅ ተሰብሮ አንዱ ወገን ወደ ላይ ስለተነሣ፣ ተራራው እንደ ግድግዳ ነው የሚቆመው፤ አውቶቡሱም ወደ ያኺሞቭ የሚወርደው ፍሬኑን እያስጮኸ ነው። የሰንሰለቱ ራስ ክሊኖቬትስ 1,244 ሜትር ነው። በእኛ አገር ስሌት ቆላ ነው፤ ብርዱ ግን የስሜን ተራሮች ብርድ ነው።

ያኺሞቭ ማለት ኢያቄም ነው። በጀርመንኛ የቀድሞ ስሟ የቅዱስ ኢያቄም ሸለቆ ማለት ሲሆን፣ ያለፍሁባት አናበርግ ደግሞ የሐና ተራራ፣ ከእርሷ ወዲያ ያለችው ማሪየንበርግ የማርያም ተራራ ናት። አናበርግ በ1496፣ ያኺሞቭ በ1516፣ ማሪየንበርግ በ1521 ተቆረቆሩ። ብር ፍለጋ የተራወጡ ሰዎች በ25 ዓመት ውስጥ እመቤታችንን ከእናት ከአባቷ ጋር በአንድ ተራራ ላይ አሰፈሯቸው ማለት ነው። «ኢያቄም ወሐና» ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ሰው፣ ይህን በካርታ ላይ ሳየው ለብቻዬ ሳቅሁ። ብዙም ሳይቆይ የያኺሞቭ ሰዎች የሉተርን ትምህርት ተቀብለው ከቅዱሳን አማላጅነት ርቀዋል፤ ስሙ ግን ቀረ።

የመጣሁበት ጉዳይ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አያቴ በአንገቷ ታስራት የነበረች አንዲት ጠገራ ብር፣ የንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለባት። ማንጠልጠያ የተበየደላት ስለሆነች ከላይ በኩል የንግሥቲቱ ፀጉር ትንሽ ተጎድቷል፤ ጉንጯም ከደረት ጋር ስትታሽ ኖራ ልሟል። የቀድሞው ገንዘብ ማተሚያ ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። የአገሩ ባላባት እስጢፋኖስ ሽሊክ ያስመታው የያኺሞቭ ብር በመስታወት ውስጥ ተቀምጧል፤ በአንድ ፊቱ ቅዱስ ኢያቄም በትሩን ይዞ ቆሟል፣ ከእግሩ ሥር የሽሊኮች ጋሻ አለ፣ በሌላው ፊት የቦሄሚያ፣ የዚያን ጊዜው የቼኮች መንግሥት፣ አንበሳ። የእኔን አውጥቼ መስታወቱ ላይ አስደገፍኋት። በስፋት እምብዛም አይበላለጡም።

ታል በጀርመንኛ ሸለቆ ነው፤ ታለር እንግዲህ «የሸለቆው» ማለት ነው። በ1520 አካባቢ ከዚህ የወጣው ገንዘብ በአውሮፓ ሲዘዋወር ሰው «የኢያቄም ሸለቆው» ማለቱ ረዝሞበት ታለር ብቻ አለው፤ ዶላርም ከዚያው ወጣ። የማሪያ ቴሬዛ ታለር፣ 1780 የሚለውን ዓመት እንደያዘ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላ እንኳ እየተመታ፣ እኛ ዘንድ እስከ 1945 ድረስ ሕጋዊ ገንዘብ ነበር። የአያቴ ብር ማዕድኑ ከዚህ ተራራ ወጥቷል እያልሁ አይደለም፤ ከዚህ የወጣው ስሙ ነው። ያንንም ስም ቢሆን እኛ ቤት የጠራው ሰው አላስታውስም። አውሮፓ ገንዘቡን በሸለቆው ጠራው፣ እኛ በማዕድኑ ጠራነው፤ የእኛ ይበልጥ ሐቀኛ ይመስለኛል።

በ1530ዎቹ በያኺሞቭ 18,000 ሰው ይኖር ነበር፤ በቦሄሚያ ከፕራግ ቀጥላ ሁለተኛዋ ከተማ ነበረች። ዛሬ 2,500 ሰው አይሞላባትም። በሽቅብ መንገዷ ግራና ቀኝ ከቆሙት ረጃጅም ቤቶች መካከል ብዙዎቹ መስኮታቸው በሳንቃ ተመትቷል።

ብሩ እየተመናመነ ሲሄድ ቆፋሪዎቹ የሚያገኙት ዩራኒየም ያለበት አንድ ጥቁር ከባድ ድንጋይ ነበር፤ ገዱ የከፋ ነው እያሉ ይጥሉት ነበር። ማሪ ኩሪና ባሏ በ1898 ፖሎኒየምንና ራዲየምን ያገኙት ከዚሁ ሸለቆ ድንጋይ ነው። ከ1906 ጀምሮ ከማዕድን ጉድጓዱ የሚወጣው፣ ሬዶን የሚባል ጨረር አመንጪ ጋዝ ያለበት ውሃ ለመገጣጠሚያ ሕመም መታጠቢያ ሆነ፤ በ1912 ለሀብታም ታማሚዎች ቤተ መንግሥት የሚያህል ሆቴል ተከፈተ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ዩራኒየሙን የፈለገችው ሶቪየት ኅብረት ነበረች፤ በ1949 እና በ1961 መካከል የፖለቲካ እስረኞች በካምፕ ታጉረው ቆፈሩት። ከያኺሞቭ በታች፣ ኦስትሮቭ አጠገብ፣ ባለ ሰባት ፎቅ የቀይ ጡብ ማማ አለ። እስረኞች ማዕድኑን እየሰባበሩ፣ አቧራውን እየሳቡ፣ በበርሜል ያሽጉ የነበሩት እዚያ ነው። «ቀዩ የሞት ማማ» ይባላል። በ2019 ተራሮቹ በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ ይህም ማማ አብሮ ተመዝግቧል። ባልደረባዬ ለምን «የመከራ» እንዳለ የገባኝ እዚያ ስደርስ ነው።

ስመለስ በቦዢ ዳር፣ «የእግዚአብሔር ስጦታ» በምትባለው ትንሽ ከተማ ጥቂት ቆየሁ። ከ1,000 ሜትር በላይ ያለች የቼክ ከፍተኛዋ ከተማ ናት፤ በመቃብር ስፍራዋ በአካባቢው የጀርመንኛ ዘዬ ይዘፍን የነበረው፣ ግጥሞቹንም በፖስት ካርድ እያሳተመ ይሸጥ የነበረው አንቶን ጉንተር (1876–1937) ተቀብሯል። በ1945 እና 46 ከቼኮስሎቫኪያ 3 ሚሊዮን ያህል ጀርመኖች ሲባረሩ የእርሱም ቋንቋ ተናጋሪዎች ከዚህ ተነቅለዋል። ዘፈኖቹን ዛሬ የሚያውቋቸው በአብዛኛው ከድንበሩ ማዶ ያሉት ናቸው። በተባረሩት ምትክ ከየቦታው የመጡ ሰዎች ሰፈሩ፤ ከዚያም ቬትናሞች መጡ። ጀርመኖች ቤንዚንና ሲጋራ ሊገዙ ሲሻገሩ የሚያስተናግዷቸው በድንበሩ ዳር ሱቅ የከፈቱት እነዚሁ ቬትናሞች ናቸው። የሱፍ ካልሲ የሸጠችልኝ ሴት በጀርመንኛ አዋራችኝ፤ የሁለታችንም ጀርመንኛ ያው ነው፣ ተግባባን። አሁን ደግሞ ወደ ምሥራቅ፣ ሲኖቬትስ በምትባል መንደር ሥር፣ ለባትሪ የሚሆን ብዙ ሊቲየም ስላለ ቁፋሮውን ለመመለስ ታስቧል።

ማታ ለእናቴ ደውዬ ብሯን ያደረስሁበትን ነገርኋት። ስለ ገንዘቡ ብዙም አልደነቃትም፤ የኢያቄም ከተማ ማለቴን ግን ደግማ አስነገረችኝ።

«ታዲያ ፀበል አለው ልጄ?» አለችኝ።

«ውሃስ አለው እማዬ፤ ግን በሐኪም ትእዛዝ ነው፤ ከ20 ደቂቃ በላይም አያስቀምጡም» አልኋት።

«ጉልበቴን ቢያየው ጥሩ ነበር» አለችና ወደ ሌላ ወሬ ገባች።