ፔንግዊን የሌለበት የፔንግዊን ገንዳ

ለንደን የወሰደኝ ሥራ ነው። ስለ ሥራው የሚወራ የለም፤ ስብሰባ የትም ሀገር ስብሰባ ነው፣ ተሰበሰብን፣ አለቀ። ሆቴሉን ግን ሳልወቅሰው አላልፍም። ኪንግስ ክሮስ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ነው። ሻንጣ ከተከፈተ ሰው የሚቆምበት፣ ሰው ከቆመ ሻንጣ የሚከፈትበት ቦታ የለውም። መስኮቱ ከአራት ጣት በላይ አይከፈትም፣ ማሞቂያው ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው ሌሊቱን ሙሉ ይንተከተካል። እንግዳ ተቀባዩ በየማለዳው ፈገግ ብሎ «ዛሬ የሚያየው ሰው ይመጣል» ይለኛል፤ ሰውየው ሻንጣዬን ጎትቼ እስክወጣ ድረስ አልመጣም።

ቅዳሜ ባልደረቦቼ ገበያ ሲወጡ እኔ ወደ ለንደን የእንስሳት ማቆያ (ለንደን ዙ) ሄድኩ። ካምደን ታውን ከምድር ባቡር ወርጄ በሪጀንትስ ቦይ ዳር በእግሬ አዘገምኩ። መንገዱ ደስ ይላል፤ ጀልባዎች ያልፋሉ፣ ትልልቅ ዛፎች ውኃው ላይ ያጎነብሳሉ። በር ላይ ስደርስ ደስታዬ ቀዘቀዘ። መግቢያው ከ30 ፓውንድ በላይ ነበር። ልጅ ሆነን በሳንቲም እንገባበት የነበረው የስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ ትዝ ብሎኝ ገንዘቡን ወደ ብር ልመነዝር ስል ራሴን ከለከልኩ። በውጭ ሀገር ዋጋ የሚመነዝር ሰው ምሳ አይበላም።

ግቢውን የመሠረተው በ1826 የተቋቋመ የእንስሳት ጥናት ማኅበር ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ1828 ሲከፈት ለማኅበሩ አባላት ብቻ ነበር፤ ተራው ሕዝብ ከፍሎ መግባት የጀመረው በ1847 ነው።

እንደማንኛውም ኢትዮጵያዊ በቅድሚያ የጠየቅሁት አንበሳ ነው። አንበሶቹ የመጡት ከአፍሪካ ሳይሆን ከሕንድ፣ ጉጅራት ክፍለ ግዛት ካለው የጊር ደን ዘር ነው። መኖሪያቸው በ2016 ሲከፈት የሕንድ መንደር ተደርጎ ተሠርቷል፤ የባቡር ጣቢያው፣ ባለ ሦስት እግር ታክሲው፣ ጆንያው ሳይቀር አለ። ልጆች ይወዱታል፣ እኔ ግን ገረመኝ። አንበሳው ጀርባውን ሰጥቶ ተኝቷል፣ ሰው ሁሉ ጆንያውን ፎቶ ያነሣል። የጎፈሩ ነገር ደግሞ! የእስያ አንበሳ ጎፈር አጠር ያለ ነው፤ በስድስት ኪሎዎቹ ጥቁር ጎፈር ላደገ ሰው ገና ያልጨረሰ ጎረምሳ ይመስላል። ይህን ጮክ ብዬ አለመናገሬ ይበጃል።

ከዚያ ወዲያ እግሬ እንደመራኝ ስሄድ አንድ ነጭ ነገር ፊት ቆምኩ። ሞላላ ገንዳ ነው፤ በመካከሉ ሁለት ቀጫጭን የኮንክሪት መወጣጫዎች ያለ ምሰሶ፣ አየር ላይ እንደ ተንጠለጠለ ጥምጥም ይሻገራሉ። በርትሆልድ ሉበትኪን የሚባል አርክቴክት በ1934 የሠራው የፔንግዊን ገንዳ ነው። ያምራል፣ አልክድም። ነገር ግን አንድም ፔንግዊን የለበትም። ባዶ ነው።

አጠገቡ አግዳሚ ላይ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት አፍጥጬ ሳይ አይተው «ባለቤቶቹን ነው የምትፈልጊው?» አሉኝ። እኛ ሀገር ቢሆን እትዬ ብዬ የምጠራቸው ዓይነት ሴት ናቸው፤ ፀጉራቸው እንደ ጥጥ ነጭ፣ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ። ዝናቡ ሲጀምር ጃንጥላቸውን ወደ እኔ አዘነበሉት፤ ከዚያ ከሰዓት በኋላ ድረስ አልተለያየንም። የማኅበሩ አባል ስለሆኑ ዓመቱን ሙሉ ይገባሉ፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲመላለሱ ኖረዋል።

ፔንግዊኖቹ በ2004 ወጡ። ኮንክሪቱ ለሰው ዓይን እንጂ ለፔንግዊን እግር አልተሠራም፤ ሲራመዱበት እግራቸው ይቆስል ነበር። አሁን አሸዋና ሰፊ ውኃ ያለው ባሕር ዳርቻ የሚመስል ቦታ ተሠርቶላቸዋል። ገንዳው ግን በአንደኛ ደረጃ ቅርስነት ስለተመዘገበ ማፍረስም ሆነ እንዳሻው መለወጥ አይቻልም። የአርክቴክቱ ልጅ ራሷ ቢፈርስ ይሻላል እስከማለት ደርሳለች።

ነገሩ ሁሉ ከዚህ በኋላ ተገለጠልኝ። የዚህ ግቢ ታሪክ የእንስሳቱ ብቻ ሳይሆን የቤቶቹም ነው። ልክ እንደ ቀበሌ ቤት ነው፤ ተከራዩ ይሄዳል፣ ቤቱን ማንም አይነካውም፣ የሚቀጥለው ተከራይ ባለበት ሁኔታ ይረከባል። በ1965 የተጠናቀቀውን የዝሆኖች ሕንፃ አየሁት፤ ሻካራ ኮንክሪቱ ራሱ የዝሆን ቆዳ ይመስላል። በ2001 አንድ ተንከባካቢ በዝሆን ከተገደለ በኋላ ዝሆኖቹ ማኅበሩ ከከተማ ውጭ ወዳለው ሰፊ ቦታ፣ ወደ ዊፕስኔድ ተወሰዱ። ከዚያ ወዲህ ግመሎችና ሌሎችም ተፈራርቀውበታል። በ1914 ለድቦች ተብሎ የተሠራው ሰው ሠራሽ ተራራ ደግሞ ዛሬ ኢሙ የሚባሉ መብረር የማይችሉ ትልልቅ ወፎችና ዋላቢ የሚባሉ ትንንሽ ካንጋሮዎች ይሮጡበታል። ከተራራው ሥር የነበረው የዓሣ ቤት በ2019 ተዘግቷል።

ከዚህ ሕግ ውጭ የሆነው የቀጭኔው ቤት ብቻ ነው። ዴሲመስ በርተን የሚባል አርክቴክት በ1836 ገደማ ነደፈው፤ እኔ በሄድኩበት ቀንም ቀጭኔ ይኖርበት ነበር። ምክንያቱ ቀላል ይመስለኛል፤ ሰውየው የቀጭኔን ቁመት ለካና በሩን በዚያው ልክ አቆመ። ለዝና አልተጨነቀም። ከግቢው ሁሉ ረጅሙን ጊዜ የቆምኩት እዚያ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ለመተንፈስ ከግቢው ወጥቼ መንገድ ዳር ከቆመ መኪና አይስክሬም ገዛሁ። ሻጩ 20 ፓውንድ ተቀብሎኝ የአሥር መልስ ሰጠኝ፤ ብከራከረው እንግሊዝኛዬ እንደማይገባው ሆነ። አሮጊቷ ሲሰሙ ሳንድዊቻቸውን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ሰጡኝ። አይብና ኪያር ብቻ ነው፣ ጨው እንኳን የለውም፤ ግን በላሁት።

እየበላን ሳለን ልጅነታቸውን አወሩኝ። ቺምፓንዚዎች ልብስ ለብሰው ሕዝብ ፊት ሻይ ይጠጡ ነበር፤ ትርኢቱ በ1972 ቆመ። «እንስቅ ነበር» አሉ። ጋይ የሚባለው ጎሬላ በ1947 ሲመጣ ገና ግልገል ነበር። ድንቢጦች ወደ ጎጆው ሲገቡ በመዳፉ ይዞ እያገላበጠ ያያቸውና ይለቃቸዋል ይባላል። በ1978 ጥርሱን ሊታከም በማደንዘዣ ተኝቶ ሳለ ልቡ ቆመ። ሐውልቱ ላይ ልጆች ይንጠላጠላሉ፤ ነሐሱ በልጆች ሱሪ ተወልውሎ ያብረቀርቃል።

ጃምቦ የተባለው ዝሆን ግን የእኛም ወገን ነው ለማለት ይቃጣኛል፤ በሱዳንና በኢትዮጵያ ጠረፍ አካባቢ በግልገልነቱ እንደተያዘ ይነገራል። በ1865 ከፓሪስ መጣ፣ ልጆች እየጋለቡት አደገ፣ በ1882 ለአሜሪካዊው የሰርከስ ባለቤት ለባርነም በ2,000 ፓውንድ ተሸጠ። ሀገሩ በሙሉ ተቆጣ፣ ልጆች ለንግሥቲቱ ደብዳቤ ጻፉ፣ ግን ሄደ። ከሦስት ዓመት በኋላ ካናዳ ውስጥ ባቡር ገጭቶ ገደለው። ከዚያም በፊት ኳጋ የምትባል፣ ከወገቧ በታች መስመር የሌላት የሜዳ አህያ እዚህ ነበረች። ዘሯ ዛሬ ከምድር ላይ ጠፍቷል፤ በሕይወት ሳለች ፎቶ የተነሣች ኳጋ እሷ ብቻ ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ በ1940 ቦምብ የሜዳ አህዮቹን ቤት መትቶት አንዷ አምልጣ ወደ ካምደን ሸመጠጠች። ጠዋት እኔ የመጣሁበትን መንገድ በተቃራኒው ማለት ነው። መርዛማ እባቦቹ ግን ጦርነቱ እንደ ጀመረ ተገድለዋል፤ ቤታቸው ቢመታ ለንደን ውስጥ እንዳይበተኑ ተፈርቶ ነው።

መጨረሻ ላይ አሮጊቷ «አንድ የሚያስደስትሽ ነገር ላሳይሽ» ብለው ቦዩን ወደሚሻገረው ድልድይ ወሰዱኝ። ማዶ ያለው ከአሉሚኒየምና ከብረት ገመድ የተወጠረ ግዙፍ መረብ ነው፤ በ1960ዎቹ ለወፎች ተሠርቶ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የወፍ ቤት ሆኖ ኖረ። በ2022 ነዋሪው ተለወጠ። ገብቼ ቀና ስል ነጭ ካባ የደረበ፣ ረጅም ነጭ ጭራ ያለው ጥቁር ፍጥረት ከገመድ ወደ ገመድ ዘሎ አለፈ።

ጉሬዛ!

በአማርኛ ነው የጮህኩት። አንድ ልጅ ደንግጦ እናቱን ያዘ። ወጣቷ ተንከባካቢ ለጎብኚዎቹ ስታስረዳ ሰማሁ፦ አውራ ጣት የላቸውም፣ ግልገሎቻቸው ሲወለዱ ሙሉ ነጭ ናቸው፣ ቅጠል ይበላሉ፣ እባካችሁ አትንኳቸው፣ ምግብ አታሳዩአቸው። በአንድ ወቅት አዲስ አበባ ሱቆች ውስጥ ከቆዳቸው የተሰፋ ምንጣፍ ለጎብኚ ይሸጥ እንደነበር አስታወስኩና ዝም አልኩ። መረቡ ግን ይስማማቸዋል። ከፍታ አለው፣ የሚዘለልበት አለው፣ ነፋስ ይገባበታል። ካየኋቸው ቤቶች ሁሉ ተከራይና ቤት የተገጣጠሙት እዚህና በቀጭኔዎቹ ዘንድ ነው።

ሐዋሳ ላይ አሞራ ገደል የሚባል የሐይቅ ዳር መናፈሻ እንዳለ፣ እዚያ ጉሬዛ ያለ ምንም መረብ ከዛፍ ወርዶ ከሰው እጅ እንደሚበላ፣ አንዱ የእኔን ሙዝ ቀምቶኝ እላዬ ላይ እንደላጠው ነገርኳቸው። አሮጊቷ ሳቁና ከቦርሳቸው እስክርቢቶ አወጡ። ከአዲስ አበባ ስንት ይርቃል? 270 ኪሎ ሜትር ገደማ። ደረጃ አለው? ጉልበቴ ደረጃ አይወድም። የለውም፣ ሜዳ ነው። የቦታውን ስም በካርታቸው ጀርባ እየጻፉ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ፤ በሦስተኛው «አሞራ ገደል» ብለው እንደ ሐዋሳ ሰው ጠሩት።