ዋይፋዩ እናቴ ክፍል እስኪደርስ

እናቴ የልጇ ፊት ስልኩ ላይ ደርቆ ሲቀር ትደነግጣለች። ወንድሜ ከቶሮንቶ የሚደውለው እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ እዚያ ገና ማለዳ ሲሆን ነው። ጨዋታው ሞቅ ማለት ሲጀምር ድምፁ ይቆራረጣል፤ አፉን እንደከፈተ ይቆማል፤ ከዚያም ጨርሶ ይጠፋል። «ምን አገኘው?» ትለኛለች። የኢንተርኔቱ ጣጣ መሆኑን ነግሬያታለሁ፣ ገብቷታልም። ነገር ግን ተመልሶ እስኪደውል ድረስ ሆዷ አያርፍም፤ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ቁጭ ትላለች። እኔ ቤት ተቀምጬ የትርጉም ሥራ ስለምሠራ መቆራረጡ የእንጀራዬም ጉዳይ ነው። ቢሆንም ነገሩን ከሥሩ እንዳየው ያስወሰነኝ የእሷ ጭንቀት ነው።

የምንኖረው የካ አባዶ ነው፤ አዲስ አበባ ወደ ለገጣፎ ልታልቅ ስትል፣ በጋራ መኖሪያ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። በእኛ ሠፈር መብራት ሲጠፋ ማንም ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው በመስኮት ወደ ጎረቤት ማየት ነው። የእነሱ ከበራ ችግሩ ከእኛው ቆጣሪ ነው፤ ሁሉም ከጨለመ ሻማ ፈልጎ መጠበቅ ነው። ኢንተርኔት ሲጠፋ ግን እንዲህ የሚታይበት መስኮት የለም። ሁሉም ሰው «ኔትወርክ የለም» ይላል፣ ራውተሩን ነቅሎ ይሰካል፣ ይጠብቃል። ሲመለስ ነቅሎ መሰካቱ ያዳነው ይመስላል፤ ምን ሆኖ እንደነበር ግን ሳይታወቅ ይቀራል። እኔን ያንገበገበኝ ይህ አለማወቅ ነው። የማይታወቅ ችግር ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም።

ወደ እጃችን የሚደርሰው ኢንተርኔት ሁለት መንገድ አቋርጦ ነው የሚመጣው። አንደኛው ከውጭ በስልክ ሽቦ እስከ ራውተሩ ያለው ነው፤ ሁለተኛው ከራውተሩ በአየር እስከ ስልካችንና ኮምፒውተራችን። ዋይፋይ የሚባለው ይህ አጭሩ መንገድ ብቻ ነው። ሁለቱን ለመለየት ላፕቶፑ ፒንግ በሚባለው ትእዛዝ ያለማቋረጥ «አለህ ወይ?» እያለ ሁለት ቦታ እንዲጠይቅ አደረግኩ፦ በአንድ በኩል ራውተሩን ራሱን በአድራሻው በ192.168.1.1፣ በሌላ በኩል ደግሞ ሩቅ ያለውን የጉግል አድራሻ 8.8.8.8። ሁለቱም አብረው ዝም ካሉ ችግሩ እዚሁ ቤት ውስጥ ነው። ራውተሩ እየመለሰ ሩቁ ብቻ ዝም ካለ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነው።

ላፕቶፑን በኬብል ከራውተሩ ጋር ሳገናኘው የራውተሩ መልስ በአንድ ሚሊሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ሺኛ ውስጥ ይመጣል፤ ሩቁም በሥርዓት ይመልሳል። ኬብሉን ነቅዬ እናቴ ክፍል ስገባ ግን ራውተሩ አንዴ በ300፣ አንዴ በ900 ሚሊሰከንድ ይመልሳል፤ አንዳንዴም ጭራሽ መልስ የለም። በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ሆነው መደማመጥ አቅቷቸዋል። ይህን ፈተና ለማንም ከልቤ እመክራለሁ። ገንዘብ አይጠይቅም፤ አቤቱታችንን ለማን ማቅረብ እንዳለብን ግን ይነግረናል።

ቀጥሎ የምልክቱን ጥንካሬ ለካሁ። ስልክ ላይ የሚጫኑ ነፃ መለኪያዎች አሉ። ቁጥሩን ዲቢኤም በሚባል የዴሲቤል መለኪያ ይሰጣሉ፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፣ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠንም ምልክቱ ይጠነክራል። ሳሎን ውስጥ ራውተሩ አጠገብ −45 ነበር፤ እናቴ አልጋ አጠገብ −82። ለዓይን ብዙ የተራራቁ አይመስሉም። ነገር ግን በየ10 ዴሲቤሉ ኃይሉ አሥር እጥፍ ስለሚቀንስ፣ እናቴ ዘንድ የሚደርሰው ሳሎን ካለው 5,000 ጊዜ ያህል ያነሰ ነው። ለቪዲዮ ጥሪ ባለሙያዎች የሚመክሩት ቢያንስ −67 አካባቢ ነው።

በመካከል ያለው ምንድን ነው ብዬ መተላለፊያው ላይ ቆሜ ተመለከትኩ። የብሎኬት ግድግዳ አለ። ፌሮ የታሰረበት የአርማታ ምሰሶ አለ። ፍሪጁ አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ውሃው አለ። በሠፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ መተላለፊያው በበርሜልና በጄሪካን የተሞላ ነው። የዋይፋዩ 2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ውሃ ሲያገኝ ጉልበቱ ይዋጣል። ማይክሮዌቭ ምድጃ ምግብ የሚያሞቀው በ2.45 ጊጋኸርዝ፣ ማለትም በዚሁ አካባቢ ባለ ሞገድ ነው፤ በምግቡ ውስጥ ያለው ውሃ የሞገዱን ጉልበት ወስዶ ይሞቃል። የእኛ ራውተር ኃይል ከምድጃው ጋር ስለማይወዳደር በርሜሉን አያሞቀውም፤ እናቴ ዘንድ ሊደርስ የነበረው ምልክት ግን እዚያው ይቀራል። ብረትም የራሱን ያደርጋል፦ የፍሪጁ ገላም ሆነ የላሜራው በር ሞገዱን ወደ መጣበት ይመልሱታል።

በርሜሎቹን ማንሳት አይታሰብም፤ ውሃ ከኢንተርኔት ይቀድማል። መንቀሳቀስ የነበረበት ራውተሩ ነው። የስልክ ሶኬቱ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ስለሆነ ራውተሩም እዚያው ወለሉ አጠገብ ተደብቆ ነበር። ከሠፈሩ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ረዘም ያለ የስልክ ሽቦ ገዝቼ፣ ራውተሩን በሳሎኑና በመተላለፊያው መጋጠሚያ ላይ፣ ከበርሜሎቹም ከፍሪጁም ከፍታ በላይ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። እናቴ ክፍል ያለው ቁጥር ወደ −64 ወጣ። 5 ጊጋኸርዝ የሚባለውን ፈጣኑን ሞገድ ለራሴ ላፕቶፕ ተውኩት፤ በቅርብ እጅግ ጥሩ ነው፣ ግድግዳ ሲበዛበት ግን ከ2.4ቱ ቀድሞ ይደክማል።

ቀን ቀን ነገሩ ተስተካከለ። ማታ፣ ሰው ሁሉ ከሥራ ሲገባ፣ መቆራረጡ ይመለሳል። −64 ሳይለወጥ ራውተሩ መልስ ያዘገያል። መለኪያው ላይ የጎረቤቶቻችንን ዋይፋዮች ዝርዝር ሳይ ምክንያቱ ታየኝ። 2.4 ጊጋኸርዝ የምንለው ጠባብ ቦታ ነው፤ ከ2.4 ተነሥቶ 2.4835 ላይ ያበቃል፤ ስፋቱ 83.5 ሜጋኸርዝ ብቻ ማለት ነው። ውስጡ በ13 ቻናሎች ተከፍሏል፤ ይሁን እንጂ ቻናሎቹ የሚራራቁት በ5 ሜጋኸርዝ ብቻ ሲሆን አንድ ዋይፋይ የሚይዘው ግን 20 ሜጋኸርዝ ያህል ነው። ስለዚህ ሳይነካኩ ጎን ለጎን መቀመጥ የሚችሉት ሦስት ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። በእኛ ሕንጻ ግን አንዱ 3 ላይ፣ ሌላው 4 ላይ፣ ሌላው 9 ላይ ነበር፤ 40 ሜጋኸርዝ ተዘርግቶ ግማሹን ቦታ ብቻውን የያዘም ነበር።

ሁለት ራውተሮች አንድ ቻናል ላይ ቢሆኑ ያን ያህል አይጎዳዱም። ዋይፋይ ከመናገሩ በፊት ያዳምጣል፤ ሌላው እየተናገረ ከሆነ ይጠብቃል፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ቢጀምሩ ደግሞ የተለያየ አጭር ጊዜ ጠብቀው እንደገና ይሞክራሉ። ተጋጭቶ፣ ጠብቆ እንደገና የመላኩ ሐሳብ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ሥራ ከጀመረው የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ አሎሃኔት የወረደ ነው፤ ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ በደሴቶቹ ላይ ያሉትን ኮምፒውተሮች በሬዲዮ ያገናኙበት ነው። የዋይፋይ የመጀመሪያው መስፈርት በ1997 ሲወጣ ይህ መደማመጥ በውስጡ ነበር። ቻናሎቹ በግማሽ ሲደራረቡ ግን አንዱ የሌላውን ንግግር እንደ ንግግር አይለየውም፤ ጫጫታ ብቻ ይሆንበታል። ተራ መጠበቅ ይቀርና ሁሉም በሁሉም ላይ ይጮኻል። የእኔን ራውተር ብቻ ማስተካከል ይህን ሊፈታው አይችልም። አየሩ የሁላችንም ነው።

ስለ ደረጃ ጽዳትና ስለ ጥበቃ ክፍያ በምንነጋገርበት የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ጉዳዩን አነሣሁ። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ቀድመው «ልጄ፣ የይለፍ ቃላችንን ልትወስጂብን ነው?» አሉኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። «አይደለም እትዬ፤ የይለፍ ቃሉን እርስዎ ወይም ልጅዎ ትጽፉታላችሁ፣ እኔ ዞር እላለሁ። የምንለውጠው ቻናሉን ብቻ ነው» አልኳቸው። የሚበልጠውን ሥራ የሠሩት ምድር ቤት ያሉት ጋሼ ናቸው። በስልክ መስመር ሥራ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ነገሩ ገና ሳልጨርስ ገብቷቸዋል። በየፎቁ ማን ከማን ጋር ግድግዳ እንደሚጋራ ወረቀት ላይ ሣሉ። ፌሮ የበዛበት የአርማታ ወለል ከብሎኬት ግድግዳ የበለጠ ምልክት ስለሚከለክል፣ ቅድሚያ የሰጠነው በአንድ ፎቅ ላይ ጎን ለጎን ላሉ ቤቶች ነው፤ 1፣ 6 እና 11 በየተራ ደረሷቸው፣ ሁሉም በ20 ሜጋኸርዝ ሆኑ። በዚያው ከፋብሪካ እንደመጣ የቆየውን የራውተሮቹን የመግቢያ ቃል የየቤቱ ልጆች ለወጡት። ይህ ለደኅንነትም ትልቅ ነገር ነው፤ ያ ቃል ብዙ ጊዜ ራውተሩ ሆድ ላይ ተለጥፎ ለማንም ይታያል።

አሁን ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እናቴ ክፍል ሆኜ ራውተሩን ብጠይቀው በአብዛኛው ከ10 ሚሊሰከንድ በታች ይመልሳል።

ሐምሌ ሲገባ ሌላኛው መንገድ ታመመ። ከዝናብ በኋላ ራውተሩ እየመለሰ ሩቁ ዝም ይላል፤ ራውተሩ ላይ ዲኤስኤል (በስልክ ሽቦ የሚመጣው ኢንተርኔት) የሚለው መብራት ረግቶ መብራቱን ትቶ ብልጭ ድርግም ይላል። ይህ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ራውተሩ በሽቦው ሌላ ጫፍ ያለውን መሣሪያ እየፈለገ ነው ማለት ነው። ጋሼን ጠየቅኳቸው። መደበኛ ስልኩን እንዳነሣ፣ አንድ ቁጥር ተጭኜ ድምፁ ሲቋረጥ እንዳዳምጥ ነገሩኝ። ጥብስ ላይ የወደቀ ውሃ የመሰለ ድምፅ ይሰማል። «ልጄ፣ መጋጠሚያው እርጥበት ገብቶበታል» አሉ። በአንድ የመዳብ ሽቦ ላይ የሰው ድምፅ እስከ 4 ኪሎኸርዝ ያለውን ታች ይይዛል፤ ኢንተርኔቱ ከዚያ በላይ ይጓዛል፤ እርጥበትና ዝገት ሁለቱንም ይበክላል። ዳር ሠፈር ላለን ደግሞ ይብሳል፤ ሽቦው በረዘመ ቁጥር ምልክቱ ቀድሞውኑ ተዳክሞ ስለሚደርስ የሚተርፍ ጉልበት የለውም።

አቤቱታ ሳቀርብ «ኢንተርኔት ይቆራረጣል» አላልኩም። የጠፋባቸውን ሰዓቶች፣ ዝናብ የነበረባቸውን ቀናት፣ የመብራቱን ሁኔታና የስልኩን ጫጫታ ጽፌ ሰጠሁ። የመጣው ባለሙያ ወረቀቱን አንብቦ ራውተሩን ለመንካት እንኳ አልፈለገም፤ በቀጥታ ከደረጃው ሥር ወዳለው ሳጥን ሄደ። አረንጓዴ የሆነውን መጋጠሚያ ቆርጦ በአዲስ አያያዘ፣ ሳጥኑንም ውሃ እንዳይገባው አሸገ። ከዚያ ወዲህ ከባድ ዝናብ ጥሎ መብራቱ እንደረጋ ነው።

መብራት ራሱ ሲጠፋ ምን ላድርግ የሚለው ይቀረኛል። ራውተራችን በ12 ቮልት ስለሚሠራ ለእሱ ብቻ የሚሆን ትንሽ ባትሪ በቂ ነው፤ ዋጋውን እየጠየቅኩ ነው።

ትናንት ማታ ደግሞ መለኪያው ላይ ቻናል 4 ተመልሶ አየሁ። ከእኛ ፊት ለፊት አዲስ ተከራይ ገብቷል። በሁለቱ ጎኑ ያሉት ቤቶች 1 እና 6 ላይ ስለሆኑ ለእሱ የሚስማማው 11 ነው። ነገ አመሻሽ ላይ ከጋሼ ጋር ሄደን እናነጋግረዋለን።