«እሱ ይጠብቃል»

«እሱ ይጠብቃል» አለችኝ እማዬ ትናንት ማታ።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ጮክ ብዬ እያነበብኩላት ነበር። አንዱን ቃል አላልቼ አለፍኩት። ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ፊደል አይታያትም። ጆሮዋ ግን አንዲት ስህተት አያሳልፍም። መለስ ብዬ አጥብቄ አነበብኩት። እውነቷን ነው፣ ነገሩ ሌላ ሆነ።

ክረምቱ ከገባ ጀምሮ ማታ ማታ እንዲህ ነን። እራት ተበልቶ፣ ዕቃ ታጥቦ፣ እሷ አልጋዋ ጫፍ ላይ ጋቢዋን ተከናንባ ትቀመጣለች። እኔ ከመብራቱ ሥር እሆናለሁ። አንድ ቀን አሥር ገጽ፣ አንድ ቀን ሃያ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲበረታ እናቆማለን። ሲያባራ እንቀጥላለን።

ይህን መጽሐፍ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። መጀመሪያ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን ፍለጋ ነበር የገባሁት። የማገኘው ግን የበዛብህን ወላጆች፣ የቦጋለ መብራቱንና የውድነሽ በጣሙን ታሪክ ሆነ። ፍቅሩ መቼ ነው የሚጀምረው እያልኩ ገጽ እዘል ነበር። ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ነው። ያኔ ደግሞ ዓረፍተ ነገሮቹ ረዘሙብኝ። መጨረሻቸው ላይ ስደርስ መጀመሪያቸው ይጠፋኛል።

አሁን ያ የዘለልኩት ክፍል ከሁሉ የምወደው ሆኗል። ባሎቿ እየሞቱባት ሰው የፈራት ውድነሽ ላይ ስንደርስ እማዬ «ቆይ» ብላ አስቆመችኝ። «እኔ ባደግኩበት አገር እንዲህ ያለች ሴት ነበረች» አለች። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ስለዚያች ሴት አወራችኝ። ሰው እንዴት ውሃ መቅጃ ላይ መንገድ ይለቅላት እንደነበር፣ እንዴት ብቻዋን ስታርም እንደምትውል። ያን ማታ ሦስት ገጽ ብቻ ነው ያነበብነው።

ዓረፍተ ነገሮቹም በድምፅ ሲነበቡ አይረዝሙም። ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ አላቸው። ሐዲስ ዓለማየሁ የጎጃም ልጅ ናቸው። በዛብህ የቤተ ክህነት ትምህርት የተማረበት ዲማ እሳቸውም የተማሩበት ነው። ቃል በጆሮና በአፍ በሚጠናበት ቤት ያደገ ሰው ጽሑፍ መሆኑን ሳነበው ይሰማኛል። በጽሞና ሳነበው ያመለጠኝ ይህ ነበር።

አንድ ሌላ ነገርም ዘንድሮ ነው ልብ ያልኩት። ቤታችን ባለው አሮጌ ቅጂ ላይ ከአንዳንድ ፊደላት አናት ትንንሽ ነጥቦች አሉ። ልጅ ሆኜ የማተሚያ ቤት ቀለም የተንጠባጠበ ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚጠብቁትን ፊደላት ሐዲስ ራሳቸው ምልክት አድርገውባቸው ነው። ጽሕፈታችን «ገና» ብሎ ሲጽፍ በዓሉን ይሁን «ገና ነው» የምንለውን አይለይልንም። «አለ» ስንልም ተናገረ ይሁን ይገኛል እንደዚያው። እሳቸው ይህ ያሳስባቸው ነበር። 1958 ዓ.ም. በታተመ ልብ ወለድ አንባቢው ቃሉን በትክክል እንዲሰማው ይህን ያህል የተጨነቁ ደራሲ ናቸው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ነጥቦቹን ሳይ ልቤ ይነካል። እማዬ ደግሞ ነጥቦቹን ሳታይ በጆሮዋ ታውቃቸዋለች።

የምታውቃቸው ከተዋናዩ ከወጋየሁ ንጋቱ ነው። መጽሐፉን በሬዲዮ ሲተርከው ሰፈሩ ውስጥ ሬዲዮ ያለው አንድ ቤት ነበር ትላለች። ሰዓቱ ሲደርስ ሴቶቹ ሥራቸውን ይዘው እዚያ ይሰበሰባሉ። አንዷ ጥጥ ትፈትላለች፣ አንዷ ምስር ትለቅማለች። ጉዱ ካሳ ሲናገር ማንም አይነቃነቅም። ሰብለ ስትሰቃይ ሁሉም ያለቅሳሉ። እማዬ መጽሐፉን አንድም ቀን በዓይኗ አላነበበችውም። ቀጥሎ የሚመጣውን ግን ከእኔ በላይ ታውቃለች።

ስለ ጉዱ ካሳ ሐሳቤ ተለውጧል። በጽሞና ሳነበው የሚያስተምር ሰው ይመስለኝ ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነው፣ ግን ንግግሩ ይበዛል እል ነበር። ጮክ ብዬ ሳነበው ግን ድምፄ እየከበደ መጣ። ይህ ሰው ብቸኛ ነው። የሚሰማው ስለሌለ ነው የሚያረዝመው። በዛብህን ሲያገኝ የዓመታት ዝምታው ነው የሚወጣው። ይህን የነገረኝ ሃያሲ የለም። የገዛ ጉሮሮዬ ነው የነገረኝ።

ሰሞኑን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ምን እያነበብሽ ነው? እኔም ልጀምር» አለችኝ። ልብ ወለድ ካነበበች ዓመታት አልፏታል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለብቻሽ አትጀምሪው አልኳት። ባልሽም ይሁን እህትሽ፣ አንድ የሚሰማሽ ሰው ፈልጊ። ለብቻ ከሆነ የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ውሰጂ።

«ኦሮማይ»ን ታክሲ ውስጥ ነው የማነበው። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ነው የገዛሁት። ከእኔ በፊት የነበረው አንባቢ በእርሳስ ብዙ ቦታ አስምሮበታል። በዓሉ ግርማ ዓረፍተ ነገሩን ያሳጥረዋል፣ ያስሮጠዋል። ከጦር ኃይሎች ሜክሲኮ እስክደርስ አንድ ምዕራፍ አልቆ ይጠብቀኛል። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለማርያም ደርግ ኤርትራ ውስጥ ላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ይሄዳል። እዚያ ፊያሜታ ጊላይን ያገኛል። ከዚያ በኋላ ያለውን አልነግራችሁም።

ግን አንድ የምለው አለኝ። ይህን መጽሐፍ የሚመክሩኝ ሁሉ የሚጀምሩት ከደራሲው ነው። በ1975 ዓ.ም. እንደታተመ ከገበያ መሰብሰቡን፣ በዓሉም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ መቅረቱን። ይህ መረሳት የሌለበት ነገር ነው። ቢሆንም እንደ ማስረጃ ሰነድ ብቻ ሲነበብ ልብ ወለዱ ይጎዳል። እኔም የመጀመሪያዎቹን ሃምሳ ገጾች «የቱ ጋ ነው ሰዎቹን ያስቆጣው?» እያልኩ ነው ያባከንኳቸው። ከዚያ ፊያሜታ መጣች፣ ፍለጋውን ተውኩት። ከተማዋን በፍቅር ነው የጻፋት። ጦርነት ውስጥ ሆኖ ጎዳናውን፣ ቡና ቤቱን፣ የሴቶቹን አረማመድ ያያል። ባልደረባዬን መጀመሪያ ታሪኩን ጨርሺ፣ ስለ በዓሉ ከዚያ እናወራለን አልኳት።

የአዳም ረታን «ግራጫ ቃጭሎች» ደግሞ ለእሑድ ጠዋት ብቻ ትቼዋለሁ። መቶ ገጽ አልሞላሁም። ደክሞኝ ስከፍተው ምንም አይሰጠኝም። ጠዋት ከፍቼው ግን አንድ አንቀጽ ላይ ሩብ ሰዓት ቆይቼ አውቃለሁ። እየጨረስኩ ስመጣ እጽፋለሁ።

ባለፈው ሳምንት «ኦሮማይ»ንም ለእማዬ ላነብላት ሞክሬ ነበር። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለአንድ ማታ እናሳርፈው ብዬ ነው። ሁለት ገጽ አልሄድኩም። አስመራ የሚለውን ስትሰማ እጇን አነሳች።

«እሱን ለብቻሽ አንብቢው፣ ልጄ» አለች።

አጎቴን ማሰብ ነበረብኝ። በ1974 ዓ.ም. ወደ ሰሜን ዘምቶ አልተመለሰም። እኔ አልደረስኩበትም። ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል። መጽሐፉን ዘጋሁት፣ ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ወደ ዲማ ተመለስን። ከዚያ ወዲህ እሷ ፊት አላወጣሁትም።

ትናንት ማታ ካነበብን በኋላ መብራቱን አጥፍቼ ልወጣ ስል ጠራችኝ።

«ያ የአስመራው መጽሐፍ አለቀ?»

«አላለቀም፣ እማዬ።»

ዝም አለች። ተኝታለች ብዬ በሩን ገርበብ ሳደርገው «ስለ ብርዱ ይናገራል?» አለች። «ወንድሜ በጻፈልኝ ደብዳቤ ላይ እዚህ ብርድ ነው ብሎኝ ነበር። ሹራብ ሠርቼ ላክሁለት። ይድረሰው አይድረሰው አላወቅኩም።»

መብራቱን መልሼ አበራሁት። ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን መጽሐፍ አምጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ብርድ የሚል ቃል እየፈለግኩ ገጹን ከመጀመሪያው መግለጥ ጀመርኩ።