ሽንቱን በፌስታል ይዛችሁ ሚኒባስ አትግቡ

ለሚመላለሰው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ትክክለኛውን መድኃኒት ያገኘሁት ሁለተኛው ካልቸር (ሽንት ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አሳድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚያሸንፈው የሚለይ የላቦራቶሪ ምርመራ) ላይ ነው። የመጀመሪያው ከንቱ ቀረ። ነርስ ሆኜ ሽንቱ መንገድ ላይ እንደሚበላሽ አለማሰቤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ማቃጠሉ ሲጀምረኝ ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ወሰድኩ፤ ለቀቀኝ፤ በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለታመመች፣ እርጉዝ ላልሆነች ሴት ካልቸር የግድ አይደለም። ሲመላለስባችሁ ግን ሌላ ኪኒን ከመዋጣችሁ በፊት ካልቸር ይታዘዝልን በሉ።

ሸዋ ሮቢት ላይ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ሽንቱን ይዤ፣ ዕቃውን በፌስታል ጠቅልዬ ሚኒባስ ገባሁ። ጣርማበርን አልፈን ደብረ ብርሃን ስንደርስ 4 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ካርድ ማውጣቱ፣ ክፍያው፣ ሰልፉ ተጨምሮ የተረከቡኝ 6 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ዕቃው እጄ ላይ ለብ ይል ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ የተሰጠኝ ወረቀት «ከሦስት ዓይነት በላይ ባክቴሪያ፤ ናሙናው ተበክሏል፤ ይደገም» ይላል። የተረከበኝ ባለሙያ «መቼ ነው የሸናሽው?» ብሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ እዚያው ሌላ እሰጥ ነበር። አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

ኢኮላይ (ይህን ኢንፌክሽን አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ባክቴሪያ) ሙቀቱ ሲመቸው በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናል፤ አንዱ በ2 ሰዓት 64፣ በ4 ሰዓት ከ4 ሺህ በላይ። ከቆዳ ላይ የገቡት ጥቂት ባክቴሪያዎችም መንገድ ላይ ይራቡና በሽታ አምጪው የትኛው እንደሆነ አይለይም። ስለዚህ ሽንቱ በ2 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ይግባ፤ አለዚያ በ4 ዲግሪ አካባቢ ይቀዝቅዝ፣ እንዲያ ሲሆን እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። ከቆላ ለሚመጣ ሰው ምክሬ አጭር ነው፦ ባዶ እጃችሁን ሂዱና እዚያው ላቦራቶሪው ሽንት ቤት ስጡ። ሁለተኛውን እንዲያ ነው ያደረግሁት።

«ውሃ በደንብ ጠጥታችሁ ኑ» ቢሏችሁ አትስሙ። ሽንቱ ይቀጥናል፤ የባክቴሪያው ቁጥር ይወርዳል። 4 ሰዓት ያህል ፊኛ ውስጥ የቆየ ይሻላል። በንጹህ ውሃ ታጠቡ፣ የመጀመሪያውን ልቀቁት፣ መሐሉን ቅዱ፤ የዕቃውን ውስጡን ጣት አይንካው። ካልቸሩ ከመሰጠቱ በፊት አንድም አንቲባዮቲክ አትዋጡ።

ውጤቱ ኢኮላይ ሆነ፤ አሞክሳሲሊንን፣ ኮትሪሞክሳዞልንና ሲፕሮን የለመደ፣ ለናይትሮፉራንቶይን ግን የሚሸነፍ። እኔ የወሰድኩት ቀስ ብሎ የሚለቀውን ባለ 100 ሚሊግራም ነው፦ በቀን ሁለቴ፣ ለ5 ቀን። ተራው ባለ 50 ከሆነ በየ6 ሰዓቱ ነው፤ ሁለቱን የሚያምታታ መድኃኒት ቤት ስላለ ካርቶኑን አንብቡ። ከምግብ ጋር ካልሆነ ያቅለሸልሻል። ሽንቱ ወደ ቡናማ ይሄዳል፤ አትደንግጡ።

ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ጎን ላይ ውጋት ካለ ግን ናይትሮፉራንቶይን አይሆንም፤ ኩላሊት ውስጥ በበቂ መጠን ስለማይደርስ በቀጥታ ሆስፒታል። ኩላሊቱ የተዳከመ ሰው፣ መውለጃዋ የደረሰ እርጉዝም አይወስዱትም።

ስጨርስ «ለማረጋገጥ ሌላ ምርመራ» አሉኝ። ማቃጠሉ ጠፍቷል፣ እርጉዝ አይደለሁም፤ አልሄድኩም። ምልክት ሳይኖር ባክቴሪያ ቢገኝ እንኳ ከእርጉዝ በቀር አብዛኛውን ሰው በመድኃኒት ማከም አያስፈልግም።