ከአውራ ጣት የማትበልጥ ፒስተን

የዛሬ ከሰዓቴን ሙሉ የበላችው ከአውራ ጣት የማትበልጥ ፒስተን ናት፤ በሞተር ውስጥ ወዲያና ወዲህ የምትመላለሰው ክፍል። በትርፍ ጊዜዬ የምሠራት ትንሿ ሞተር የስተርሊንግ ዓይነት ናት፤ ቤንዚን አትጠጣም፣ በውስጧ የታሸገው አየር እየሞቀና እየቀዘቀዘ ያሽከረክራታል። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1816 በስሙ ያስመዘገበው ሮበርት ስተርሊንግ የስኮትላንድ ቄስ ነበር። ቅዳሴና ሞተር እንዴት እንደተስማሙለት እንጃ!

ሲሊንደሩን፣ ፒስተኗ የምትመላለስበትን ቱቦ፣ ከምናለሽ ተራ በተገዛ ነሐስ ሠራሁት። ፒስተኗን ግን ከግራፋይት፣ ከዚያ የእርሳስ ጥቁር እምብርት ከሚሠራበት ነገር፣ ነው ያወጣኋት፤ ያለ ዘይት ይንሸራተታል፣ ለእንዲህ ያለች አቅመ ቢስ ሞተር ደግሞ ዘይት ራሱ ሸክም ነው። ችግሩ አቧራው ነው። ባለቤቴ ከቶርኖው (ዕቃውን እያሽከረከረ ከሚቀርጸው ማሽን) አጠገብ ፊቴን አይታ «ከሰል መነገድ ጀመርህ እንዴ?» አለችኝ።

በቶርኖ ትንሽ ትርፍ ትቼ የመጨረሻዋን የሚሊሜትር መቶኛ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ጨረስኩ። መፈተኛው ደስ ይላል፤ የሲሊንደሩን ታች በጣት ደፍኖ ፒስተኗን ከላይ መልቀቅ። አየሩ ይዟት ቀስ እያለች ከወረደች፣ ጣት ሲነሣ ደግሞ ዱብ ካለች ልክ ናት። ዱብ አለች! ደጋግሜ ጣልኳት፣ ለደስታዬ ብቻ።

አሁን የቀረው ቮላኖው፣ ሞተሯን ሳትቆራረጥ የሚያዞራት ከባዱ ጎማ፣ ነው። ባለ አራት መንጋጋ የቶርኖ ቻክ (በቶርኖው ላይ ዕቃውን ነክሶ የሚይዘውን) የሚያውሰኝ ካለ በውስጥ መስመር ያናግረኝ፤ ቡናው በእኔ ነው።